የትርፉ ሰሃን አንባቢ

ፊቴን የሚያውቅ ሰው የለም። ድምፄን የማያውቅ ግን ዋርሶ ውስጥ አይገኝም፤ ከተገኘም ቴሌቪዥን የሌለው መነኩሴ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የውጭ ፊልም አንብቤያለሁ። ሙሽራዋም፣ ነፍሰ ገዳዩም፣ የሰከረው መርከበኛም፣ በሞት አልጋዋ ላይ ልጆቿን የምትረግመው አሮጊትም ሁሉም የሚናገሩት በእኔ ድምፅ ነው። እነሱ ከታች በገዛ ቋንቋቸው ይንጫጫሉ፣ እኔ ከላይ ሆኜ በእኛ ቋንቋ አነባለሁ። የሙያው ሕግ አንድ ነው፤ ስሜት አይጨመርም። የሚያለቅሰው ያልቅስ፣ አንተ አንብብ። ይህን ሕግ እኔን ያህል ያከበረ ሰው አላውቅም፤ በሥራም በኑሮም አክብሬዋለሁ።

ስሜ ቪቶልድ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ብቻዬን ነው የምኖረው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን ብቻዬን አልነበርኩም፤ ኤድመንድ የሚባል ሰው ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ፊልም የማነብበት ስቱዲዮ የድምፅ ባለሙያ ነበር። እኔ ማይክሮፎኑ ካለበት ክፍል፣ ከመስታወቱ ወዲህ እቀመጣለሁ፣ እሱ ከመስታወቱ ወዲያ። ማታ ደግሞ አንድ ቤት እንገባለን። ለጎረቤት «ተከራዬ ነው» እል ነበር። ለእናቴም፣ ለሐኪሙም፣ ቤት ሊባርክ ለሚመጣው ቄስም ተከራይ ነው። እናቴ ስትቀበር ከመቃብሩ አፍ አጠገቤ ሊቆም ጠጋ ሲል፣ ከኋላ ከጎረቤቶች ጋር እንዲቆም በዓይኔ ጠቀስኩት። ሄዶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ ያለውን በሁለት ሻንጣ ከትቶ ወደ ተወለደበት ከተማ ወደ ራዶም ሄደ። አልተጣላንም። ቢያንስ እኔ ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ነው።

የቀረን ሐሙስ ነበር። በየሐሙሱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤድመንድ ይደውላል። ስኳር ዓይኑን ስላደከመው አሁን የሚያየው ጥላ ጥላውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሳምንቱን ፊልም በጆሮው ይከታተልና ያበጥረኛል። «ማክሰኞ መርማሪውን ስታነብ ጉንፋን ይዞህ ነበር» ይለኛል። «ቅዳሜ ደግሞ አንድ መስመር ዘለልክ፤ ሰውየው ለምን እንደሞተ ሳይገባኝ ተኛሁ።» ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ ውጪ ስልኬን የሚያስጮኸው የተሳሳተ ቁጥር ብቻ ነው። ሌላውን ሳምንት የምኖረው ለዚያች ግማሽ ሰዓት ስል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ማስታወቂያውን ያነበብኩት በኅዳር ነው። የስቱዲዮው ባለቤት ሁበርት ደወለልኝ። አርባ ያልሞላው፣ ምላሰ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። «ጋሼ፣ አራት መስመር ናት፣ የገና ነገር ናት። ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል» አለኝ። ሄድኩ። ምስሉን አላየሁም፤ ለአንባቢ የሚሰጠው ወረቀት ነው። እንዲህ ይላል፦

«በየቤታችን የገና ዋዜማ ገበታ ላይ አንድ ትርፍ ሰሃን ይቀመጣል። ላልታሰበ እንግዳ ነው። ይሁን እንጂ ደጅ የቆመ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ልጆችህ የተቀመጡበትን ገበታ ጠብቅ።»

አነበብኩ፣ ሻዬን ጠጣሁ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በታኅሣሥ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከዜና በፊት፣ ማስታወቂያው ወጣ። በጥር ለሚደረገው የከንቲባ ምርጫ አንድ ፓርቲ ያሠራው ነው። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ገበታ ይታያል፤ የቀይ ሥር ሾርባ፣ ሻማ፣ ሁለት ሕፃናት። በሩ ይንኳኳል። አባትየው ይከፍታል። በረዶው ውስጥ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ወንዶች ቆመዋል፤ አንደኛው አበባ ይዟል። አባትየው ከእግር እስከ ራሳቸው ያያቸውና ቀስ አድርጎ በሩን ይዘጋባቸዋል። እናትየው ትርፉን ሰሃን ከገበታው ታነሳለች። ከዚህ ሁሉ በላይ የእኔ ድምፅ እንደ ሞቀ ወተት ይፈሳል። ሾርባ እየበላሁ ነበር፤ ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ፓርቲው እነዚያን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢሰድባቸው ከሕዝቡ ግማሹ ዞር ብሎም አያይም ነበር። እንደኔ ያለ ሰው፣ ወንድ ሆኖ ወንድ የሚወድ ሰው፣ ስድብ ለምዷል፤ ሌላውም ሲሰደብ ማየት ለምዷል። እነሱ የተሳሳቱት ሰሃኑን በመንካታቸው ነው። በዚህ አገር እግዜር የለም የሚል ሰው እንኳ በዋዜማ ያንን ሰሃን ያስቀምጣል። የገዛ ወንድሙን ካኮረፈ አሥር ዓመት የሆነው ሰውም ያስቀምጣል። ማንም መጥቶ በልቶበት አያውቅም፤ ቢሆንም ያለ እሱ ገበታው ገበታ አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ወይዘሮ ሉትሲናን አገኘኋት። ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ የደብሩ መዘምራን ውስጥ ከፊት የምትቆም ናት።

«አቶ ቪቶልድ፣ አዩልኝ ያንን ጉድ?»

«አየሁ» አልኩ። ያጠረ መልስ ድምፅ አያስታውቅም ብዬ ነው።

«እኔ እነዚያን ሰዎች አልወድም፣ ይወቁልኝ። ግን ሰሃን ማንሳት? አያቴ በጦርነቱ ጊዜ ሾርባ ብላ ውሃ እያፈላች እንኳ ያንን ሰሃን አስቀምጣለች። በእሱ ላይ ማን ሊመጣ እንደሚችል ያውቃሉ? ራሱ ጌታ ነው። እንግዲህ ጌታ በሐዋርያው ክንድ ተደግፎ ቢመጣ፣ ‹ሁለት ወንድ ናችሁ› ብለው ሊዘጉበት ነው?»

«እሱስ ልክ ነዎት።»

«ያነበበው ሰውዬ ደግሞ...» አለችና አቆመች። አፍጥጣ አየችኝ። ሃያ ሰባት ዓመት በግድግዳ በኩል የሰማችኝ ሴት ናት። «ምነው አቶ ቪቶልድ?» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም፣ «አቶ ኤድመንድ ይኼን ሰምተዋል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ስደብቃት የኖርኩትን ነገር ይቺ ሴት ከእኔ በፊት ታውቀው ኖሯል። አምፖሏን የሚቀይርላት፣ ከሰል ሲመጣ ጆንያዋን የሚያወጣላት ኤድመንድ ነበር።

ማክሰኞ አንድ ሰው በፓርቲው ቢሮ ደረጃ ላይ ባዶ ሰሃን አስቀምጦ ሄደ። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ረቡዕ ጠዋት ሰሃኑ መቶ ደረሰ፣ ማታ አስፋልቱን ተሻገረ። የሸክላ፣ የቆርቆሮ፣ የልጅ፣ ከሠርግ የተረፈ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ሰሃን ሁሉ መጣ። ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አሮጊቶችና ጆሯቸውን የተበሱ ተማሪዎች አንድ ሰልፍ ላይ ቆመው፣ አንዱ ለሌላው ሰሃን ሲይዝለት በቴሌቪዥን አየሁ። አንዷ አሮጊት ጋዜጠኛው ማይክሮፎን ሲደቅንባት፣ «ምን ትለኛለህ ልጄ፣ ቤቴ የሚገባውን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ከንቲባው አይደለም» አለችው። ዘበኞቹ መግቢያ አጥተው ሰሃን እየለቀሙ ወደ ጎን ይደረድራሉ። አንድ ቀልደኛ «የሸክላ ዕቃ መደብር ተከፍቷል» የሚል ሰሌዳ አቆመባቸው። የፓርቲው ቃል አቀባይ «መልእክታችን በተሳሳተ መንገድ ተተርጉሟል» አለ። ማንም አልሰማውም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ስለኛ አደባባይ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ይኸው ከተማው ወጣ። የወጣው ግን በእኔ ላይ ነው።

ረቡዕ ዕለት ዳቦ ቤት ገብቼ «አንድ የአጃ ዳቦ፣ ቆርጠሽ» አልኩ። ሻጯ ቢላዋውን እንደያዘች ቀና አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች።

ከሰልፉ መሐል አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ «ስትሸጭለት ተጠንቀቂ፣ ደጅ የቆመ ሁሉ ደንበኛ አይደለም» አላት፣ የኔን አነባበብ እያስመሰለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንባቢው እኔ ባልሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር፤ አስመስሎታል። ዳቦውን ሰጠችኝ፣ ግን በወረቀት አልጠቀለለችልኝም። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስገባ በጣቴ ነው የማሳየው። ዲዳ መስዬአቸው እጃቸውን እያወናጨፉ የሚያስረዱኝ አሉ፤ ዝም ብዬ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

ሐሙስ መጣ። ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ሆነ። መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ብዬ እጀታውን አነሳሁ፤ ደህና ነው። ያነሳሁባት ቅጽበት ደውሎ ይሆን ብዬ ደግሞ ተሸበርኩ። አሥራ ሁለት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳይደውል የቀረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሆስፒታል ነበር። በዚያ ቀን ግን ሆስፒታል እንዳልሆነ አውቄዋለሁ።

እኔ ብደውልስ? ደውዬለት አላውቅም። አብራው የምትኖረው እህቱ ብታነሳ ማን ልበል ብዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደዋዩ እሱ ነው፣ ተጠባቂው እኔ ነኝ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ምስሉን አላየሁም ያልኩት እውነት ነው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ግን በደቃቅ ፊደል ለካሜራው ሰው የተጻፈ ነገር ነበር፤ «በር። ሁለት ወንዶች፣ እጅ ለእጅ። አባት ይዘጋል» ይላል። አርባ ዓመት ያነበበ ሰው ወረቀት ሲሰጡት መጀመሪያ ግርጌውን ነው የሚያየው። አይቼዋለሁ። አይቼ ተቀመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ አነበብኩ። ለምን ብትሉኝ፣ «ይኼን አላነብም» ብል «ለምን?» ይሉኛል ብዬ ነው። ያቺን «ለምን» ፈርቼ ነው።

ዓርብ ፓርቲው ማስታወቂያውን አነሳ። በዚያው ቀን ሁበርት አንድ ወረቀት ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ መግለጫ አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ የሚለው ይኼን ነው። ዓረፍተ ነገሮቹን ለየብቻቸው ነው ያነበቡት፤ የቀጠልናቸው እኛ ነን። እርስዎ የዳቦ ዱቄት ማስታወቂያ መስሎዎት ነበር። ከፈረሙልኝ ነገ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሰኞ ሰው ይረሳዋል።»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ማን ያውቃል ጋሼ? መስታወቱ ውስጥ እርስዎና እኔ ብቻ ነበርን።»

የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። መጀመሪያ እሱ ከተቀበለው ሌላው ይቀበለዋል ብዬ አሰብኩና፣ መግለጫውን ኪሴ ከትቼ ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር ራዶም ሄድኩ።

ኤድመንድ ደወሉን ሳልጫን በሩን ከፈተ። «ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ ሰምቼሃለሁ» አለ። «ግራ እግርህን መጎተት ጀምረሃል።» ከስቷል። ግድግዳውን በጣቱ ጫፍ እየነካ ወደ ወጥ ቤት መራኝ፣ ሻይ ራሱ ቀዳ። ውሃው ሊሞላ ሲል በድምፁ አውቆ ያቆማል። እህቱ ገበያ ሄዳለች።

ስለ ጤናው ጠየቅኩት፣ ስለ ባቡሩ ጠየቀኝ። ከዚያ መነጽሬን አደረግኩና የሁበርትን መግለጫ አነበብኩለት፣ ከላይ እስከ ታች። ኤድመንድ አላቋረጠኝም። በሥራ ላይም አያቋርጥም ነበር።

«መጨረሻው ላይ ቸኮልክ» አለ ስጨርስ። «አሁን እጠፈው።»

አጠፍኩት።

«ዘጠኝ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እህቴ ደጋግማ ከፈተችልኝ። ቪቶልድ፣ አልተቀጠለም። ‹እንግዳ ነው› ካልክ በኋላ ትንፋሽ ወሰድክ፣ በዚያች ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ደረስክ። እንደዚያ የምትተነፍሰው የምትሄድበትን ስታውቅ ነው።»

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«ስንተኛው ንባብ ነው?»

እስካሁን ለእናንተም ያልነገርኳችሁ ይኼን ነው። «ሁለተኛው» አልኩት። «የመጀመሪያውን እንደ ፊልም ደረቅ አድርጌ ለሁበርት አነበብኩለት። ይሙቅ አለኝ።»

«አሞቅከው።»

«አዎ።»

«ማንን እያሰብክ?»

ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እዋሽ ነበር። «አንተን» አልኩ። «ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጥክ አስመስዬ። ሌላ መላ አላውቅም። ይሙቅ ባሉኝ ቁጥር የማደርገው ይኼንኑ ነው።»

ኤድመንድ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ፈልጎ አስቀመጠ። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት ግን ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«ሰዉ ሁሉ የተናደደው ሰሃኑን አይቶ ነው» አለ። «እኔ አላየሁም። እሑድ ዕለት ብቻዬን እዚሁ ተቀምጬ ነበር፣ ከዜና በፊት። ድምፅህ መጣ። በየቤታችን ስትል... ቪቶልድ ሊያናግረኝ ነው አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር በዚያ ድምፅ አንድ ቀን እንኳ አናግረኸኝ አታውቅም። ገበታውን ጠብቅ ስትል ደግሞ ክፉ ሰው በዛ ማለትህ ነው ብዬ ነበር፤ ፈገግ ብዬ ነው የጨረስኩት። እህቴ ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ፣ ‹ምን ያስቅሃል?› አለችና በሩ የተዘጋው በማን ላይ እንደሆነ ነገረችኝ።»

ከውጭ ልጆች በረዶ ሲወራወሩ ይሰማል። ሻዬን አማሰልኩ፤ ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር።

«እሺ» አለ ኤድመንድ። «ወረቀት የለም። ማይክሮፎን የለም። እህቴም የለችም። በዚያ ድምፅ አንድ ነገር በለኝ። የፈለግከውን።»

አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ የሌላ ሰው ቃል ስንት ሺህ ገጽ እንዳነበብኩ አላውቅም፤ የፍቅር ኑዛዜ ብቻ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ኤድመንድ ራሱን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ ጠበቀኝ። የሚጠብቀውን አውቀዋለሁ። ፈልጌው ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል ፈልጌው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ባቡሬ አሥር ሰዓት ከሃያ ነው» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ለረጅም ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ ተነሳና ካፖርቴን መስቀያው ላይ ዳብሶ አውርዶ አቀበለኝ። «እንግዲያው እንዳያመልጥህ» አለ።

«ሐሙስ...»

«ሐሙስ አልደውልም ቪቶልድ። ደክሞኛል።» በሩን የዘጋው እግሬ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ቆጥሮኝ መሆን አለበት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ጣቢያው ስደርስ የሁበርት መግለጫ አሁንም እጄ ውስጥ ነበር። ቀድጄ ጣልኩት። ባቡሩ አርባ ደቂቃ እንደሚዘገይ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። መድረኩ ላይ ቆሜ በረዶው ሐዲዱን ሲሸፍነው አያለሁ። ቃሉ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው፤ ማንም ሳይጽፍልኝ፣ አጭር ሆኖ።

«ኤድመንድ፣ ወደ ቤትህ ና» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በዚያው ድምፅ።

አጠገቤ የቆመች ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ድምፁን አውቃዋለች። ሻንጣዋን አነሳችና ከእኔ ራቅ ብላ፣ ከመድረኩ ሌላኛው ጫፍ ሄዳ ቆመች።